የማጣቀሻ ፕሮግራሙ ታደሰ ታምራትን «ታምራት» አለብኝ፤ 143 ምንጮቼን እንዴት ላስተካክል?

የሲራራ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። በክረምት መርሐ ግብር የታሪክ ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማር መምህርት ነኝ። በእንግሊዝኛ የምጽፈው የመመረቂያ ጽሑፌ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎጃም የነበረውን የባሶን ገበያና እዚያ ይገናኙ የነበሩትን ሲራራ ነጋዴዎች ይመለከታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠራቀምኳቸው ምንጮች 143 ደርሰዋል። ከፊሎቹ ፒዲኤፍ ናቸው፣ ከፊሎቹ በስልክ ያነሳኋቸው የመጽሐፍ ገጾች፣ የቀሩት ደግሞ በደብተር የያዝኳቸው የሽማግሌዎች ቃል።

መጋቢት ላይ አንድ ባልደረባዬ ዞቴሮ የተባለ ማጣቀሻ የሚያደራጅ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጫነልኝ። ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ሁሉንም አስገባሁ። ዎርድ ላይ አንድ ቁልፍ ስጫን ዋቢ መጻሕፍቱ ራሱን በፊደል ተራ ሲደረድር ያየሁ ዕለት፣ በእጅ እየጻፍኩ ያባከንኩት ጊዜ ሁሉ ቆጨኝ። ረቂቁንም በደስታ አስገባሁ።

አማካሪዬ ሲመልሱልኝ ግን ምዕራፎቹን ገና አልነኳቸውም። በቀጥታ ዋቢውን ገልጠው ሦስት ቦታ በቀይ ከበውበታል። ታደሰ ታምራት «ታምራት፣ ታ.» ሆነዋል። ባሕሩ ዘውዴ «ዘውዴ፣ ባ.»። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.»። ከጎኑ የጻፉት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የጠቀስሻቸው አባቶቻቸውን ነው።»

በጣም አፈርኩ። ተማሪዎቼን ስም እንዲያከብሩ የማስተምር ሰው ነኝ። እባካችሁ፣ ይህን አንድ በአንድ በእጅ ከማረም ሌላ መንገድ ካለ ንገሩኝ። ረቂቁ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ መግባት አለበት።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ አይዞሽ፤ ሁላችንም ያለፍንበት ነው። አጭሩ መፍትሔ ሙሉውን ስም በቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ መጻፍና ሌላውን ሳጥን ባዶ መተው ነው። ሜንዴሌይ በተባለው ሌላ የማጣቀሻ ፕሮግራም ላይ እኔ የማደርገው እንደዚያ ነው። ዎርድ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን በእጅሽ እንዳታርሚ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ሲያድስ ያረምሽውን ሁሉ ያጠፋብሻል። ማረሚያው ቦታ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው።

የመጽሐፍ ጠባቂ (ፍኖተ ሰላም)

ልጄ፣ አማካሪሽ ትክክል ናቸው። ዋቢውን ቀድመው ማየታቸውም ደግ ነገር ነው፤ ብዙ አማካሪ አያየውም። ጥፋቱ ግን ያንቺ ብቻ አይደለምና ከሥሩ ላስረዳሽ። ለብዙ ዓመታት በቤተ መጻሕፍት ሥራ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህ ነገር ካርድ በእጅ በምንጽፍበት ዘመንም ያከራክረን ነበር።

እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ባለበት አገር ነው። ስለዚህ ለአንድ ጸሐፊ ሁለት ሳጥን ያስቀምጣሉ፤ አንዱ ለመጠሪያው፣ አንዱ ለቤተሰቡ። መረጃውን ከድረ ገጽ ስትስቢው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ የተገኘው ቃል የቤተሰብ ስም ተብሎ ይመጣል። ለሪቻርድ ፓንክረስት ይህ ትክክል ነው፤ «ፓንክረስት» ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ የቤተሰብ ስም ነው። ባሶን በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አይቶ ለጻፈው ለቻርለስ ቢክም እንደዚሁ። ታምራት ግን የታደሰ አባት እንጂ የዘሩ መጠሪያ አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ የታተመውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ የጻፉት ታደሰ ናቸው፤ የሚጠሩትም በታደሰ ነው።

የኅሩይ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። «ወልደ ሥላሴ» አንድ ስም ነው። ከመሐል ሲቆረጥ ትርጉሙ ይፈርሳል፤ ሥላሴም የመጽሐፍ ደራሲ ተደርገው ይመዘገባሉ። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ፣ ወለተ የሚል መነሻ ያለውን ስም ሁሉ ተመልሰሽ ፈትሺ። የጎጃምን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያለ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አንድ ገጽ አይሄድም፤ ምንጮችሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ስም ይበዛልና።

ይህ የእኛ ግትርነት ብቻ እንዳይመስልሽ። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ በ5 ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚያስቀምጠው በራሳቸው ስም ተራ ነው። አማካሪሽ ቢጠይቁሽ ይህን ጥቀሺ።

አሁን ወደ ሥራው። እኔ የማውቀው ዞቴሮን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ሰዎች የሠሩት ነው፤ ለታሪክ ተማሪ የሚስማማው አንዱ በዚህ ነው። ክፍያ የለውም። ምንጩን ስትከፍቺ በቀኝ በኩል ዝርዝሩ ይመጣል። ከጸሐፊው ስም ጎን ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ስትጫኚ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። እዚያ ውስጥ «ታደሰ ታምራት» ብለሽ ጻፊ። ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ አይገለብጠውም፣ አያሳጥረውምም። ይህ ነጠላ ሳጥን የተዘጋጀው ለመሥሪያ ቤት ስም ነው፤ ለእኛ ስምም ግን ልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ይሆናል። ፓንክረስትንና ቢክን በሁለት ሳጥን ተዪአቸው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልንገርሽ። አለቃ፣ ብላቴን ጌታ፣ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚሉ ማዕረጎችን ስም ሳጥን ውስጥ አታስገቢ። ካስገባሽ አለቃዎች ሁሉ «አ» ላይ ይሰበሰባሉ፤ አንባቢ ደግሞ ሰውን የሚፈልገው በስሙ እንጂ በሹመቱ አይደለም። ማዕረጉ በጽሑፍሽ ውስጥ ይከበር።

ዳሞት (ቡሬ)

የመጽሐፍ ጠባቂ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ችግር ግን ይቀራል። በነጠላ ሳጥን ሲጻፍ በጽሑፉ ውስጥ የሚመጣው ቅንፍ «(ታደሰ ታምራት፣ 1972)» ይሆናል። እኛ ትምህርት ክፍል የሚፈለገው «(ታደሰ፣ 1972)» ነው። እኔ በዚህ ምክንያት «ታደሰ»ን የቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ፣ «ታምራት»ን ደግሞ የመጠሪያው ሳጥን ውስጥ አድርጌአለሁ። ቅንፉ ያምራል።

የመጽሐፍ ጠባቂ (ፍኖተ ሰላም)

ወንድሜ ዳሞት፣ ቅንፉ ያምር ይሆናል፤ ዝርዝሩን ግን ተመልከተው። ኤ.ፒ.ኤ. በተባለው የዋቢ አጻጻፍ ስልት «ታደሰ፣ ታ.» ብሎ አባትየውን በአንድ ፊደል ያስቀራቸዋል። ቺካጎ በተባለው ስልት ደግሞ «ታደሰ፣ ታምራት» ብሎ በመሐል ነጠላ ሰረዝ ያስገባል፤ ያ ሰረዝ ለአንባቢ «ይህ ስም ተገልብጧል» የሚል ምልክት ስለሆነ፣ የማያውቅ ሰው ታምራት ታደሰ ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ያስገባኸው መረጃ ራሱ እውነት አይደለም። በመዝገቡ ውስጥ ሐሰት አስቀምጦ ከፊት ለፊቱ ማሳመር ኋላ ዋጋ ያስከፍላል፤ መዝገቡን ለሌላ ተማሪ የሰጠኸው ዕለት ስሕተቱን አብረህ አወረስከው ማለት ነው።

ቅንፉን ማሳጠር ከፈለግህ ሌላ መንገድ አለ። ዎርድ ላይ ጥቅሱን ስታስገባ፣ ምንጩ ላይ ስትጫን ትንሽ መስኮት ትከፈታለች፤ ጸሐፊውን ዝለል የምትል ምርጫ አለች። እሷን ምልክት አድርግና በቅድመ ጽሑፉ ቦታ «ታደሰ፣» ብለህ ራስህ ጻፍ። ወይም ከሁሉ የሚሻለው፣ ዓረፍተ ነገሩን «ታደሰ ታምራት እንደሚሉት» ብለህ ጀምረህ ፕሮግራሙ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ እንዲያስገባ ማድረግ ነው። ደግሞስ ሙሉ ስም ቢጻፍ ምን ይጎዳል? በዚህ አገር ታደሰ የሚባል ጸሐፊ ስንት አለ! አንባቢው የትኛው ታደሰ እንደሆነ ቅንፉ ውስጥ ቢያገኘው ይጠቅመዋል።

ዳሞት (ቡሬ)

ሰረዙን ልብ አላልኩትም ነበር። እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። 80 ያህል ስም አለኝ፤ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።

ውኃ ሳይንስ (ባሕር ዳር)

እኔ የላይኛውን ዐባይ ተፋሰስ የማጠና ነኝ፤ የጮቄ ምንጮችና የአፈር መሸርሸር። የእኛ ጽሑፎች ብዙዎቹ የዲ.ኦ.አይ. ቁጥር (ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጥ ቋሚ መለያ) ስላላቸው ቁጥሩን ስትሰጡት ፕሮግራሙ የቀረውን ራሱ ያመጣል። ቅለቱ ግን ያዘናጋል፤ የኢትዮጵያውያን ተባባሪ ጸሐፊዎቻችን ስም የሚመጣው መጽሔቱ በመዘገበው መልክ ነው። አንድን ተመራማሪ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ አግኝቼዋለሁ፤ በአንዱ በአባቱ ስም፣ በአንዱ በራሱ፣ በሌላው ደግሞ በአያቱ። ሰውየው በራሱ ፈቃድ በአባቱ ስም የሚያሳትም ከሆነ ያንን ማክበር እንጂ እኛ መገልበጥ የለብንም፤ ይህ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል የተለመደ ነው። መለኪያው ጸሐፊው ራሱ እንዴት ይጠራል የሚለው ይመስለኛል።

በዎርድ ፋንታ ላቴክስ በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ለምትጽፉ፦ ምንጮቹ በሚቀመጡበት የቢብቴክስ ፋይል ውስጥ ስሙን በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ክበቡት። አንድ ቅንፍ ብቻ ከሆነ ፕሮግራሙ ስሙን ይከፋፍለዋል፤ ሁለት ከሆነ እንዳለ ይተወዋል። ጃብሬፍ የተባለው የማጣቀሻ ፕሮግራምም ይህንኑ ፋይል ስለሚጠቀም እዚያም ይሠራል። ኤንድኖት በተባለው ፕሮግራም ላይ ደግሞ ከሙሉ ስሙ ኋላ ነጠላ ሰረዝ ማድረግ ይበቃል።

የሲራራ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ከ«ኤ» እስከ «ቢ» ድረስ ያሉትን አስተካከልኩ። ጋሼ፣ ምልክቷን አገኘኋት።

አሁን ሌላ ነገር ገጠመኝ። የአማርኛ መጻሕፍቱ ዘመን በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ጽሑፌ ግን በእንግሊዝኛ ነው። «2002 ዓ.ም.» ብዬ ብጽፍ በቅንፉ ውስጥ የሚመጣው 2002 ብቻ ነው፤ «ዓ.ም.» የሚለው ይጠፋል። አንባቢው የፈረንጅ 2002 ይመስለዋል። በዝርዝሩም ላይ አንድ ጸሐፊ በአማርኛ ኋላ የጻፈው በእንግሊዝኛ ከጻፈው በፊት ይሰለፋል።

የመጽሐፍ ጠባቂ (ፍኖተ ሰላም)

በቀን ሳጥኑ ውስጥ ወደ ፈረንጅ የተመለሰውን ዓመት ጻፊ፤ የመጀመሪያውን ደግሞ «ተጨማሪ» በሚለው ሳጥን ውስጥ «በ2002 ዓ.ም. የታተመ» ብለሽ አስቀምጪ፤ አይጥፋ። ስሌቱን ታውቂዋለሽ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8።

ችግሩ መጽሐፉ ወሩን የማይናገር ሲሆን ነው። ብዙ ሰው «2009/10» ብሎ ይጽፋል። በወረቀት ላይ ጥሩ ልማድ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን 10ን ወር አድርጎ ስለሚወስደው ጥቅምት ገደማ የታተመ ያስመስለዋል። እኔ የማደርገው መቅድሙን መክፈት ነው። የእኛ ደራስያን መቅድማቸው ግርጌ ላይ ብዙውን ጊዜ ወሩን ይጽፋሉ። «ሚያዝያ 2002» የሚል ካገኘሽ መጽሐፉ ከዚያ በፊት አልታተመምና 2010 ነው። ምንም ካላገኘሽ 8 ደምሪ፤ ከዓመቱ ትልቁ ክፍል የሚውለው በዚያ ነውና። በመግቢያሽም ይህን ስሌት እንደተጠቀምሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጪ።

ብራና (ብቸና)

እኔ የዲማ ጊዮርጊስንና የአካባቢውን የብራና መጻሕፍት የማጠና ነኝ። ስለ ፊደል አንድ ነገር ላንሳ፤ በዚህ ክር ማንም ስላላነሳው ይገርመኛል።

ኮምፒውተር ሀን፣ ሐንና ኀን እንደ አንድ ድምፅ አያያቸውም። አንዱን መጽሐፍ «ኅሩይ»፣ ሌላውን «ህሩይ» ብላችሁ ካስገባችሁ ፕሮግራሙ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ በዝርዝሩም ላይ የተራራቀ ቦታ ያስቀምጣቸዋል፣ ፊደሎቹ በተራቸው የተለያየ ቦታ ናቸውና። ሠና ሰ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚሁ። ስትፈልጉም አታገኙትም። እኔ አንድን ሊቅ ለስድስት ወር ሁለት ሰው አድርጌ ይዤው ነበር። ስለዚህ መዝገባችሁን ስትጀምሩ አንድ ደንብ ቁረጡ፤ የጸሐፊው ስም በመጽሐፉ ሽፋን ላይ በተጻፈበት ፊደል ይግባ፣ ሽፋኖቹ ከተለያዩ ግን አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ። የሲራራ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ ለምትጽፊው ላንቺም ይኸው ነው፤ «ታደሰ» በአንድ «ዲ» እና በሁለት «ዲ» ለፕሮግራሙ ሁለት ሰው ነው።

ከዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች በጋራ ከሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተተየቡ የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎችም አሉ። ፒዲኤፉ ላይ አማርኛው ቆንጆ ሆኖ ይታያል፤ ቀድታችሁ ስትለጥፉት ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ርእሱን በእጅ ከመጻፍ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ብራና ለምትጠቅሱ፣ ዞቴሮ «የእጅ ጽሑፍ» የሚል ዓይነት አለው። ገዳሙን በመዝገብ ቤቱ ቦታ፣ ቁጥሩን በመለያው ቦታ አስገቡ። በማይክሮፊልም የተነሳ ከሆነ የኢ.ኤም.ኤም.ኤል. (የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ስብስብ) ቁጥሩን አትርሱ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. ማንሳት የጀመረው ያ ሥራ ባይኖር ብዙዎቹን የምናያቸው ገዳም ለገዳም ዞረን ብቻ ነበር።

ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ቅኔ የተማረ ሰው፣ የሰማውን ቅኔ ሲያወርድ የማን እንደሆነ ሳይናገር አያልፍም። ለእኔ ማጣቀሻ ማለት ያ ነው። ስለዚህ ስም ሲበላሽ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል።

ፎክሎር (ደንበጫ)

የመመረቂያ ጽሑፋችሁ በአማርኛ ለሆነ፣ አንድ የደከምኩበትን ነገር ላካፍል። ፕሮግራሙ ሦስትና ከዚያ በላይ ጸሐፊ ሲያገኝ በመሐል የእንግሊዝኛ ምሕጻር ያስገባል፤ ገጽ ሲጠቅስም እንደዚሁ። የአማርኛ ጽሑፍ መሐል ሲታይ እንደ ጥርስ ውስጥ ጠጠር ነው።

የአጻጻፍ ስልቱ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም ማስታወሻ መጻፊያ ይከፈታል። ቅጂ አደረግሁና መጠሪያውንና መለያውን ቀየርኩ፤ ካልቀየራችሁ ዝማኔ ሲመጣ ሥራችሁን ይደመስሰዋል። ከዚያም ቃላቱን የሚወስነውን ክፍል ጨምሬ «እና ሌሎች»፣ «ገጽ»፣ «አርታኢ» ብዬ ጻፍኩ። አሁን ዝርዝሬ በአማርኛ ይናገራል። ጉድለቱ፣ የእንግሊዝኛ መጻሕፍቱም ላይ «እና ሌሎች» ይላል። ጽሑፉ አማርኛ ስለሆነ እኔ ተቀብዬዋለሁ፤ አማካሪዬም አልተቃወሙም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

የሲራራ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ስትሠሪ ቅጂ ይዘሻል? መብራት በድንገት ይሄዳል፣ መስመር ለቀናት ይጠፋል፣ ፍላሽ በቫይረስ ይበላሻል። እኔ የአንድ ዓመት ሥራ በአንድ ፍላሽ አጥቻለሁ፤ እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ዞቴሮ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ሁሉም ነገር ኮምፒውተርሽ ላይ በአንድ ማኅደር ውስጥ ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ዝጊ፣ ከዚያ ማኅደሩን በሙሉ ወደ ሁለት ቦታ ቅጂ። ሳይዘጋ የተቀዳ ተበላሽቶ ሊገኝ ይችላል። ማኅደሩን በደመና ማከማቻ ውስጥም እንዳታስቀምጪው፤ በዚያም የውሂብ ቋቱ ሊበላሽ ይችላል። በነጻ የሚሰጠው የመስመር ላይ ቦታ 300 ሜጋባይት ነው። ለስምና ለርእስ አያስፈልግም፣ ያ ገደብ የለውም፤ የተገደበው ለፒዲኤፉ ነው። በስልክ ያነሳሻቸው ገጾች ቶሎ ይሞሉታል።

ለአማካሪሽ ስትልኪም ሁለት ፋይል ይኑርሽ። ጥቅሶቹን ወደ ተራ ጽሑፍ የለወጥሽበት ቅጂ ወደ ኋላ አይመለስም። ሕያው የሆነውን ለብቻው አስቀምጪ።

የሲራራ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ቅጂውን አሁን አደረግሁ፤ አንዱን ፍላሽ እኔ ጋር፣ አንዱን እናቴ ቤት።

ዛሬ 61 ስም አስተካክዬ ጨረስኩ። ታደሰ ታምራት «ቲ» ላይ፣ ባሕሩ ዘውዴ «ቢ» ላይ፣ ኅሩይም በስማቸው ተቀምጠዋል። ሦስት ሰዎች ሁለት ቦታ ተመዝግበው አገኘሁ፤ ብራና እንዳሉት በፊደል ምክንያት ነው። አንዱን መጽሐፍ መቅድሙን ገልጬ ግንቦት መሆኑን ስላወቅሁ 8 ደመርኩ።

የመጨረሻ ጥያቄዬ ስለ ሽማግሌዎቹ ነው። 19 መረጃ ሰጪዎች አሉኝ፤ አብዛኞቹ የጁቤ አካባቢ ናቸው። እንደ መጽሐፍ ልመዝግባቸው?

ብራና (ብቸና)

«ቃለ መጠይቅ» የሚል ዓይነት አለ፤ በዚያ መዝግቢያቸው። ነገር ግን ከመጻሕፍቱ ጋር እንዳይቀላቀሉ በተለየ ማኅደር አድርጊያቸው። በታሪክ ትምህርት ክፍሎች እንደተለመደው የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ለብቻው ይወጣል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ የተጠየቁበት ቀን። ቀኑንና ቦታውን ዛሬውኑ አስገቢ፤ ከስድስት ወር በኋላ ከደብተር ላይ ማግኘት ይቸግራል። ስማቸው እንዲወጣ መፍቀዳቸውንም እዚያው ማስታወሻ ላይ ጻፊ።

የሲራራ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

አመሰግናለሁ። አሥራ ዘጠኙንም ጠይቄአቸዋለሁ፤ ሁሉም ፈቅደዋል። አንደኛው አባት፣ አያታቸው አሞሌ ጨው እየጫኑ ባሶ ይወርዱ የነበሩ፣ ስማቸውን ስጽፍ እርሳሴን አስቁመው «እስከ አያቴ ጻፊው፤ መንገዱን የሄደው እሱ ነው» ብለውኝ ነበር። በሁለቱ ሳጥን የት እንደማስገባው ጠፍቶኝ ትቼው ነበር። አሁን በነጠላው ሳጥን ሦስቱንም ትውልድ አስገባሁት።

ረቂቁን ሰኞ አስገባለሁ።